ጥያቄ ቁጥር አራት

ጥቅምት 4 ቀን

ከባሕር ማዶ ላለሽው ለእህቴ ልጅ፣ ዘጠኝ ወር መጠበቅ አቅቷት በሰባት ወሯ ለተወለደችው ለጥድፊያ፦

ይህ ወረቀት ጤናሽ ተሟልቶ፣ ሥራሽ ተቃንቶ፣ ከሰው ተስማምተሽ ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፣ የስፌት መኪናዋም ደህና ናት፤ ፔዳሏ ብቻ እንደ እኔ ጉልበት ስትታጠፍ ትንጫጫለች።

የዛሬ ሳምንት እሁድ በቪዲዮ ስትደውዪልን ምን እንደሆነ ላስረዳሽ። ገና "እማ" ስትዪ ፊትሽ ደርቆ ቀረ። አፍሽ እንደተከፈተ፣ አንድ ዓይንሽ ግማሽ ተከድኖ። እናትሽ "ልጄን ምን ነካት?" ብላ ስልኩን ትነቀንቀዋለች። እኔ "ኔትዎርክ ነው" እላለሁ፤ እሷ አትሰማኝም። እንዲህ ሆነን ያንቺን የተከፈተ አፍ ብዙ ካየን በኋላ ስልኩ ጥቅላችሁ አልቋል ብሎ መልእክት ላከልን። የወር ጥቅል ነበር። ስለዚህ ከእንግዲህ ለኢንተርኔት ብለሽ ምንም እንዳትልኪ፤ በዚያ ገንዘብ ለራስሽ ወፍራም ካፖርት ግዢበት።

ማመልከቻ ከምጽፍበት ከችሎቱ ደጅ ፊት ለፊት ያለውን ኢንተርኔት ቤት ታስታውሺዋለሽ። ባለቤቱን አሁን ባለአንቴናው ነው የምንለው፤ ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያንን ብረቱን ሲያዞር ይውላል። ባለፈው ለአንድ ባለጉዳይ አንድ ደንብ ላወጣለት ብዬ ገባሁ። የሦስት ማመልከቻ ዋጋዬን ከፍዬ ለአንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትዞራለች። እሷ ትዞራለች፣ እኔ አያታለሁ። ሰዓቱ ሲያልቅ ገጹ ገና አልተከፈተም። "ወንድሜ፣ ምንም እኮ አላየሁም" ብለው፣ "አባባ፣ የከፈሉት ለወንበሩ ነው" አለኝ። ልጣላው ፈልጌ ነበር፤ ግን እውነቱን ነው።

ታዲያ አንድ ነገር አሰብኩ። አንቺ በሥራ ቦታሽ የእረፍት ክፍል ኢንተርኔቱ በነጻ ነው፣ እንደ ቧንቧ ውሃ ነው ብለሽኝ የለ? እኔ ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ የሰው ጥያቄ ተከምሮብኛል። ጥያቄውን በፖስታ ልላክልሽ፣ መልሱን ፈልገሽ በወረቀት መልሺልኝ። የጠያቂ ስም ግን አልጽፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው የምሰጠው። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ የጽሕፈት መኪና ፊት ስቀመጥ የባለጉዳይ ምስጢር ከጠረጴዛዬ ወርዶ አያውቅም። የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ዶሮዎች እንቁላላቸው ቅርፊቱ እየሳሳ በእጅ ላይ የሚፈርሰው ለምንድን ነው?

2. የአንዲት ተማሪ የፈተና ውጤት የተለጠፈው ኢንተርኔት ላይ ብቻ ነው። ቁጥሯን ከጀርባ ጽፌልሻለሁ። አልፋለች ወይስ ወድቃለች?

3. የሚያንኮራፋ ሰው የራሱን ማንኮራፋት የማይሰማው ለምንድን ነው? (ይህን የላከችው ሚስት ናት።)

4. አንዲት ሴት አምፖል ስታይ ዙሪያውን እንደ ቀስተ ደመና ያለ ቀለበት ይታያታል። ምን ይሻላታል?

እናትሽ ትስምሻለች። ቶሎ መልሺ አልልሽም፤ አንቺን ቶሎ በይ ማለት በነዳጅ ላይ ክብሪት መጫር ነው።

አጎትሽ፣ ማመልከቻ ጻፊው

*

ኅዳር 2 ቀን

ውድ ጋሼ፦

እንደምን ከረምክ? እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ የአንሶላ ክምር መሃል ቆሜ ነበር። ሆቴሉ ሞልቶ በቀን ስድስት መቶ አንሶላ ነው የምናጥፈው። ገና የደብዳቤውን አናት አንብቤ "በሰባት ወሯ" የሚለውን ሳይ ብቻዬን ሳቅሁ። አብራኝ የምታጥፈው ሴትዮ ምን ሆነሻል አለችኝ፤ ለማስረዳት ቋንቋው አልበቃኝም።

ሐሳብህን ወድጄዋለሁ። እረፍታችን አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ሻይ የምጠጣበትን ለአንተ ጥያቄ ሰጠሁት። አታምነኝም፣ ሁሉንም በአንድ እረፍት ጨረስኳቸው። እናንተ በአንድ ሰዓት አንድ ገጽ አልከፈታችሁም፤ እኔ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አራት መልስ። አንዳንዴ ያሳፍረኛል።

ለ1፦ ኖራ ያለበት ምግብ ይጎድላቸዋል። የእንቁላል ቅርፊት አድርቆ ፈጭቶ ይመልስላቸው። ዝርዝሩን አትሜ አያይዣለሁ።

ለ2፦ አልፋለች! በጥሩ ነው ያለፈችው። ወረቀቱን ለእናቷ ስጣት፣ ታቅፈው።

ለ3፦ አእምሮ የራሱን ድምፅ ይንቃል ይላል። ሚስትየዋን ግን ጆሮ መድፈኛ ብትገዛ ይቀላታል በላት።

ለ4፦ ይቺን ሴትዮ ዕድሜ ነው በላት። መነጽር ትግዛ፣ አምፖሏንም በጨርቅ ትወልውለው። ቀስተ ደመና በነጻ እያየች ምን ያማርራታል?

እማ የላከችልኝ ቀሚስ ደረሰኝ። ስፌቷ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። እዚህ ላሉት ሴቶች ሁሉ ገልብጬ ውስጡን አሳየኋቸው፤ ማንም የሰው እጅ ሥራ ነው ብሎ አላመነኝም። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ነው፣ ጋሼ። ሳይጸድቅ ከወጣሁ ተመልሼ መግባት የለም። ለእማ ግን ሊያልቅ ነው በላት፤ ቀኑን እየቆጠረች እንዳትጨነቅ።

የምወድህ፣ ጥድፊያ

*

ኅዳር 29 ቀን

ለእህቴ ልጅ፣ ለአገር ዐዋቂዋ፦

ከነሙሉ ጤናሽ ያቆይሽ፣ እጅሽንም ይባርከው። መልስሽ የሠራውን ሥራ ብታይ! በችሎቱ አጥር ላይ ሰሌዳ ሰቀልኩ፤ በትልቁ "የወረቀት ኢንተርኔት" ብዬ ጻፍኩበት። ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይሰለፋል። የተማሪዋ እናት ወረቀቱን ተቀብላ መንገድ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። የዶሮዎቹ ባለቤት አሥር እንቁላል አምጥቶ፣ ቅርፊቱ መጠንከሩን እንዳይ ብሎ እንቁላል ከእንቁላል እያጋጨ አስመሰከረኝ። ባለአንቴናው ብቻ ነው ያኮረፈኝ። "ደንበኛዬን በቴምብር ነጠቁኝ" አለኝ። የእሱ ኢንተርኔት ክብ ያዞራል፣ የእኔ ግን ከወር በኋላም ቢሆን መልስ ይዞ ይመጣል፤ ምን ላድርገው?

ማንበብ ለማይችሉት በመጀመሪያው ቀን መልሶቹን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ቁጥር ሦስትና ቁጥር አራት ጋ ሰው በሳቅ ሞተ። የቁጥር አራት ጠያቂም እዚያው ቆማ ነበር፤ አብራ ሳቀች።

ከዚህ ጋር ሰባት አዲስ ጥያቄዎች አሉ፤ በሌላ ወረቀት ላይ ናቸው። ከሁሉ በፊት ግን ቁጥር አራት ለሁለተኛ ጊዜ ቀርቧል። እንደ ሥራዬ፣ ባለጉዳይዋ ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ፦

"መነጽር ገዛሁ፣ ለውጥ የለውም። አምፖሉንም ወለወልኩት። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ምንም አልቸገርም፤ እንደ ድሮዬ ነኝ። ከጎኔ ያስቀመጥኩትን መቀስ ግን አላየውም፤ በእጄ ዳብሼ ነው የማገኘው። ፊት ለፊቴ ያለው ነገር ጥርት ብሎ ይታየኛል፣ የጎኑ ግን የለም። ባለፈው ሳምንት ከግራ የመጣ ጋሪ ሳላየው ገጨኝ።"

እሷ ይቸኮልልኝ አላለችም። እኔ ግን እላለሁ። በሃያ ስድስት ዓመቴ ለባለጉዳይ ስለምን የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ ቤታችን ወሬ ከጠየቅሽኝ፣ ደህና ነን። እናትሽ የግራ ክንዷ ትንሽ ተላልጦ ነበር፤ አሁን ድኗል። ስፌቷ እንደነገርሽኝ ቀጥ ያለ ነው። ሊያልቅ ነው ስላልሽው ወረቀትሽ ነግሬያታለሁ። "ይለቅላት፣ እስከዚያ ግን ምንም ነገር እንዳያስደነግጣት" ብላለች።

እግዜር ከክፉ ይሰውርሽ።

አጎትሽ

*

ታኅሣሥ 20 ቀን

ጋሼ፣

ሰላምታውን በሌላ ጊዜ አደርሳለሁ። ይህን በፈጣን ፖስታ ነው የላክሁት፤ በስድስት ቀን ይደርሳል ብለውኛል። እንዳነበብከው ተነስ።

ቁጥር አራት እናቴ ናት።

መጀመሪያ ጥያቄውን አነበብኩ፣ አሁንም በእረፍት ሰዓት፣ አሁንም በጥድፊያ። ከዚያ ወደ ታች ወርጄ ስለ ክንዷ የጻፍከውን አየሁ። አንዱን ጣቴን ጋሪው ላይ፣ ሌላውን የተላላጠው ክንድ ላይ አድርጌ ቆየሁ። መቀሷ ሁልጊዜ በግራዋ ነው የምትቀመጠው። ልጅ ሆኜ ከዚያ ስነካባት ሳታየኝ አታልፍም ነበር።

አራት ቀን ደወልኩ፤ መስመር የለም። በአምስተኛው ቀን አገኘኋት። "እማ፣ ዓይንሽ እንዴት ነው?" አልኳት። "ደህና ነኝ፣ አንቺ ሞቅ ያለ ነገር ትለብሻለሽ?" አለችኝና ተቋረጠ።

በዚህ ጊዜ በደንብ ፈለግሁ። አልቸኮልኩም። ከዚያ ያገኘሁትን ይዤ ሰፈሬ ያለች የዓይን ነርስ ጋ ሄድኩ። ግላኮማ ይመስላል አለችኝ። የዓይን ውስጥ ግፊት ይጨምርና ዕይታን ከጎን ከጎን እየበላ ወደ መሃል ይመጣል። ሰው መሃሉ ስለሚታየው ልብ አይለውም። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ግን በየቀኑ ዓይን ውስጥ በሚደረግ ጠብታ ማቆየት ይቻላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሳምንት ዋጋ አለው። ለእኔ ደብዳቤ መልስ አትጠብቅ፣ ወደ ትልቁ ከተማ የዓይን ሆስፒታል ውሰዳት። የትራንስፖርቱንና የሕክምናውን ልኬአለሁ።

ጋሼ፣ እናቴን በቁጥር ላክህልኝ። እኔ ደግሞ አምፖልሽን ወልውዪ አልኳት። ሰው ፊት ቆማ ሳቀች አልከኝ። ያንን ሳቅ ከጆሮዬ ማውጣት አቃተኝ።

*

ጥር 10 ቀን

ለእህቴ ልጅ፦

ልብሽን ያረጋጋው። ሄደን መጥተናል፤ እናትሽ አሁን ይህን ስጽፍ ከበስተኋላዬ ፔዳሏን እያንጫጫች ነው።

ደብዳቤሽን ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ። "የቁጥር አራት መልስ መጣ" አልኳት። "አሁንስ ምን ልወልውል?" አለች። አነበብኩላት። ስፌቷን ሳታቆም ሰማችኝ። "ዐወቀችብኝ ማለት ነው" አለችና ጨርቁን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው።

ለምን እንዳልነገርኩሽ ትጠይቂኛለሽ፤ መብትሽ ነው። በጥቅምት መጀመሪያ እናትሽ እቤት አልመጣችም። ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። ከሰው ጋር ተሰልፋ፣ ተራዋ ሲደርስ የባለጉዳይ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና የማጻፊያ ዋጋዋን አስቀመጠች። "አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል?" ብላት "ባለጉዳይ ነኝ" አለችኝ። እህቴ ሆና ብትመጣ ኖሮ በማግስቱ እነግርሽ ነበር። ይህን ስለምታውቅ ነው ከፍላ የተቀመጠችው። ልጄ ከሰማች ሥራዋንም ወረቀቷንም ጥላ ትመጣለች ብላ ፈራች። እኔ ሞኙ ደግሞ የሃያ ስድስት ዓመት ስሜን ከእህቴ ዓይን አስበለጥኩት። ክንዷን የጻፍኩልሽ ስሜንም ሳላጎድፍ አንቺም እንድታውቂ ብዬ ነው። እንዲያ ያለ ብልጠት ይቅርብኝ፤ አፍሬበታለሁ።

የሚገርምሽ፣ የሆስፒታሉ ቀጠሮ የሚያዘው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ስልክ አያነሱም፣ ወረቀት አይቀበሉም። ያኮረፈኝን ባለአንቴናውን ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄድኩበት። ነገሩን ስነግረው ደንበኞቹን አስወጥቶ ሁሉንም ኮምፒውተር አጠፋ፣ አንዱን ብቻ ተወው። ጣሪያ ላይ ወጣ። እኔ ከታች "ዞረ! ቆመ! ዞረ!" እያልኩ እጮህለታለሁ። ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ፈጀብን። ገጹ ሲከፈት እናትሽ ራሷ ስሟን ነገረችን፣ እሱ ጻፈው። ገንዘብ አልነካም።

ዶክተሯ ረጅም ጊዜ አየቻት። የግራው ዓይኗ ጎኑ ሄዷል። ቀኙ ገና ብዙ አለው። ጠብታ ጀምራለች፣ ጠዋትና ማታ። "ከሁለት ወር በፊት ብትመጡ ግራው ይህን ያህል አይጠብም ነበር" አለችን። ይህን አረፍተ ነገር ልዘለው አስቤ ነበር። ግን ሌላ ነገር ልደብቅሽ አልፈለግሁም። ጥፋቱን ለብቻሽ አትሸከሚው፤ ለሦስት እንካፈለዋለን፣ ትልቁ ድርሻ የእኔ ነው።

አጎትሽ

*

ጥር 30 ቀን

ጋሼ፦

በአንተ ተናድጄ ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ። ይህ አራተኛው ነው። አሁን ንዴቱ ወጥቶልኛል፤ የቀረው ለራሴ ነው።

ልመጣ ነው። ወረቀቱ ገደል ይግባ። ተመልሼ ባልገባስ? እዚያ አንሶላ የለም እንዴ? እማ ቀኙ ዓይኗ እያለ ልታየኝ ይገባል። ትኬት እየጠየቅሁ ነው። ለእሷ አንብብላት፣ በዚህ ጊዜ ግን ጮክ ብለህ ሰሌዳው ጋ አይደለም።

ጥድፊያ

*

የካቲት 22 ቀን

ይህ ደብዳቤ የእናትሽ ነው። እኔ ጻፊ ብቻ ነኝ፤ ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ።

ልጄ፣ እንደምን ሆንሽ? አጎትሽ እዚህ ጋ የአክብሮት ቃል ልጨምርበት ይላል። አትጨምር ብዬዋለሁ። ይህንንም ጻፈው ብዬዋለሁ።

ትኬት እንዳትገዢ። ስሚኝ፣ ሳትቆጪ ስሚኝ። ዶክተሯን ደግሜ ጠየቅኋት፤ በዚህ ጊዜ እናትሽ ሆኜ ነው የጠየቅኋት፣ ባለጉዳይ ሆኜ አይደለም። ጠብታውን ካላቋረጥሽ ያለሽ ይቆይልሻል አለችኝ። አላቋርጥም። ጠዋት መኪናዬ ጋ ከመቀመጤ በፊት፣ ማታ ጨርቄን አጥፌ ሳበቃ አደርገዋለሁ። ባለአንቴናው በየወሩ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ያስይዝልኛል፤ እኔ ደግሞ የልጆቹን የትምህርት ቤት ልብስ እሰፋለታለሁ። እሱና አጎትሽም ታርቀዋል፤ አሁን ሰሌዳው ላይ ቸኩሎ የሚፈልግ በእሱ፣ መጠበቅ የሚችል በፖስታ ተብሎ ተጽፏል። ስለዚህ ወረቀትሽ እስኪያልቅ መጠበቅ እችላለሁ። በፊት ነበር የማልችለው፤ ያኔ ደግሞ አልነገርኩሽም። እሱ ጥፋቴ ነው፣ ይቅር በይኝ።

አንቺ ባልሽው ተቀይሜ አልነበረም። ሰው ሁሉ ሲስቅ፣ ልጄ ናት እንዲህ ያሳቀቻቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የሳቅሁት።

አንቺም ዓይንሽን ተመርመሪ። ዶክተሯ ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል ብላለች። ነገ ዛሬ አትበዪ። ለዚህ ለዚህ ነው መጣደፍ።

ፎቶሽን ደግሞ ላኪልኝ፣ በወረቀት የታተመ። ትልቅ አታድርጊው። ባለፈው የላክሽው ትልቁ ግማሹ ያመልጠኛል፣ ፊትሽን አንገቴን እያዞርኩ ነው የምፈልገው። ትንሽ ሲሆን መሃል ላይ ሙሉው ይገባልኛል።

አጎትሽን አንድ ጥያቄ መዝግብልኝ አልኩት። ሠላሳ ሰባተኛው ነው አለኝ። ስሜን ጻፍበት አልኩት፤ እምቢ አለ፣ ደንብ ነው አለ። የእኔ ስም የእኔ ነው፣ ጻፍ አልኩት። ጻፈ፦

37. ወረቀትሽ መቼ ያልቃል? መቼ ነው የምትመጪው? ጠያቂ፦ እናትሽ።

አትቸኩዪ፣ አጣርተሽ መልሺልኝ። በፖስታ ይሁን፣ እጠብቃለሁ።

ስትመጪ ደግሞ እንደ ድሮሽ ከጎን ዘለሽ እንዳታቅፊኝ። አላይሽም፣ እደነግጣለሁ። ከበሩ ጀምረሽ ቀስ ብለሽ ነይ፣ በፊት ለፊቴ።